ዘመን ስሙን ከማን ያገኛል?

(በአንበሳሜ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር)



«ስድሳ ስድስት» ብል የትኛው ስድሳ ስድስት ብሎ የሚጠይቀኝ ከመካከላችሁ አይገኝም። «ሰባ ሰባት» ብል የአንዳንዶቻችሁ ፊት ይለወጣል። «ዘጠና ሰባት» ማለት ምርጫ ነው። ሺሁንና መቶውን ጥለን ሁለት ቁጥር ብቻ እንጠራለን፤ ሰሚውም ይገባዋል። ጣልያኖችም እንዲህ ያደርጋሉ። እነ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የተወለዱበትን፣ እ.ኤ.አ. ከ1400 ጀምሮ ያለውን መቶ ዓመት «ኳትሮቼንቶ» ይሉታል፤ «አራት መቶ» ማለት ነው። ሺሁን እነሱም ጥለውታል። ልዩነቱ፣ እነሱ በቁጥር የሚጠሩት መቶውን ዓመት በሙሉ ሲሆን እኛ አንዷን ዓመት መሆኑ ነው። የእነሱ ቁጥር ሥዕልና ሐውልት ያስታውሳል፤ የእኛ የዙፋን መውደቅና ረሃብ።

የመስከረም አንድ ፀሐይ ከጳጉሜን መጨረሻ ፀሐይ አትለይም። ጊዜን ቆርጦ ስም የሚያወጣለት ሰው ነው። ስም አውጪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዘመኑን የኖረበት ሳይሆን ኋላ የመጣው ነው። ስለዚህ የዘመን ስም ፍርድ ነው እላለሁ፤ ፍርድ ከሆነ ደግሞ ፈራጁ ማን እንደነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዛሬ የምናገረው ይህንኑ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የውጭው ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ። 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ነው። 1888 እ.ኤ.አ. ግን ደርቡሽ ጎንደርን ያቃጠለበት ዓመት ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ረሃብና የአንድ ንጉሠ ነገሥት ሞት አለ። የተማሪ ደብተር ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ማየት ያሳዝናል።

በአፍ ስንናገር «ዘመነ» ብለን እምብዛም አንጀምርም። «በምኒልክ ጊዜ»፣ «በጣልያን ጊዜ»፣ «በጃንሆይ ጊዜ»፣ «በደርግ ጊዜ» ነው የምንለው። «ዘመነ» የቤተ ክህነትና የመጽሐፍ አነጋገር ነው፤ ልኩም ወጥ አይደለም። ዘመነ ጽጌ አርባ ቀን ነው። ዘመነ ሉቃስ አንድ ዓመት ነው። ዘመነ መሳፍንት ሰማንያ ስድስት ዓመት ነው። ዓረብኛውም ዘማን፣ ዕብራይስጡም ዝማን ይለዋል፤ ቃሉ ብዙ አገር ዞሯል።

የመጀመሪያው መንገድ እንግዲህ በገዢው ስም መጥራት ነው። እንግሊዞች በንግሥት ቪክቶሪያ ስም አንድ ሙሉ ዘመን ጠርተዋል፤ የቤት አሠራሩም፣ ልቦለዱም፣ ሥነ ምግባሩም በእሷ ስም ይጠራል። ጃፓኖች ደግሞ ይህን ወደ መንግሥት ሥራ ቀይረውታል። ዘመኑ ገና ሲጀምር ስም ይወጣለታል፤ ዓመቱም ከዚያ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ ሜጂ፣ ከ1926 ሾዋ፣ ከ1989 ሄይሴይ፣ ከሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ወዲህ ሬይዋ ነው። የመንግሥት ቅጽ የሚሞላ ጃፓናዊ የትውልድ ዓመቱን እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይጽፋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከሜጂ በፊት የነበረው ልማድ ነው። ያኔ ስሙ ንጉሥ ሳይለወጥም ይለወጥ ነበር። ርዕደ መሬት ከሆነ፣ ከተማ ከተቃጠለ፣ ወረርሽኝ ከገባ፣ የዘመኑን ስም ሽረው ሌላ መልካም ስም ያወጡ ነበር። እነሱ ዘመናቸው ሲታመም ስሙን ይለውጡለት ነበር። ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1923 ዓ.ም. ለአገራችን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሲያዘጋጁ በዋናነት የተመለከቱት የሜጂን ሕገ መንግሥት ነበር።

በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበው የቦረና ገዳ ነው። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል፤ ስምንቱም ዓመት በአባ ገዳው ስም ይጠራል። የጃልዴሳ ሊበን ገዳ፣ ቀጥሎ የጎባ ቡሌ ገዳ፣ እያለ ይሄዳል። ዓመተ ምሕረት ሳይጠራ፣ በስም ዝርዝር ብቻ፣ የቦረና አዋቂ ብዙ ትውልድ ወደ ኋላ ይቆጥራል። አስመሮም ለገሠ የተባሉ ምሁር ይህን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አውጥተዋል። በንጉሥ ስም ከመጥራት የሚለየው፣ ጃንሆይ መቼ እንደሚያበቁ የሚያውቅ አለመኖሩ፣ የገዳው ማብቂያ ግን ሲጀመርም የሚታወቅ መሆኑ ነው።

ሕዝብ ግን በስም ጉዳይ ለመንግሥት ሁልጊዜ አይታዘዝም። ደርግ በሕግ ያበቃው በመስከረም 1980 ኢሕዲሪ ሲታወጅ ነው። ከዚያ በኋላ ሸንጎ አለ፣ ፕሬዚዳንት አለ፣ ደርግ የሚባል አካል የለም። ታዲያ ከእናንተ መካከል «በኢሕዲሪ ጊዜ» ሲባል የሰማ አለ? እስከ ግንቦት 1983 ድረስ ደርግ ነው፤ አለቀ።

ወደ ቤተ ክህነቱ ቁጥር ልምጣ። ተማሪዎች ወረቀት አውጡ። የዘመኑን ወንጌላዊ ለማግኘት ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምራላችሁ፤ ለአራት ታካፍላላችሁ። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዮሐንስ ነው። 2017ን እንውሰድ፤ 7517 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል 1879 ደርሶ አንድ ይተርፋል፤ ማቴዎስ ነው። ዓድዋን እንውሰድ፤ 1888 ሲደመር 5500፣ 7388 ነው፤ ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ዮሐንስ ነው። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች።

አሁን የደመርናትን 5500 ተመልከቱ። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለው ዘመን ነው፤ አባቶች ዓመተ ፍዳ፣ ዓመተ ኩነኔ ይሉታል። ከዚያ ወዲህ ያለው ዓመተ ምሕረት ነው። እንግዲህ በየቀበሌው ደብዳቤ ራስጌ ላይ «ዓ.ም.» ብለን የምንጽፈው ሁለት ፊደል በውስጡ ፍርድ ይዟል፤ ዘመኑ የምሕረት ነው ይላል። ሰባ ሰባትንም፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በረሃብ ያለቀበትን፣ «1977 ዓመተ ምሕረት» ብለን ነው የምንጽፈው። ፍርዱ ስለ ነፍስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲነበቡ ማቆም ግድ ይላል።

ከዚሁ ስሌት የመጣ ሌላም አለ፤ ስምንተኛው ሺህ። ልጅ አባቱን ሲሰድብ፣ ዝናብ ያለ ወቅቱ ሲዘንብ፣ «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ!» ይባላል፤ ገና ትናንት የገባ ይመስላል። ቁጥሩን እንሥራው። 5500 ላይ 1500 ሲደመር 7000 ይሞላል። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም. ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ውስጡ ተቀምጠን ነው ደረሰ የምንለው። በገባ በሃያ ዓመቱ፣ በ1521፣ ግራኝ አሕመድ ሽምብራ ኩሬ ላይ የልብነ ድንግልን ጦር ፈታ፤ ያኔ የነበረ ሰው ትንቢቱ ተፈጸመ ቢል አይፈረድበትም። እኛ ደግሞ ገና እስከ 2500 ዓ.ም. እንቆይበታለን።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር። ዘመነ መሳፍንት ስሙን ያገኘው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። መጽሐፈ መሳፍንት የሚያበቃው በእስራኤል ንጉሥ ስላልነበረ ሰው ሁሉ ደስ ያለውን ያደርግ እንደነበር በመናገር ነው። የጎንደር ሊቃውንት የራሳቸውን ጊዜ በዚያ አዩት። መነሻው በ1761 ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን ያስገደሉበት፣ መድረሻው በየካቲት 1847 ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው የተቀቡበት ነው። በመካከሉ የነገሡት በስም ነው የነገሡት። ከእነዚህ አንዱ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ይሾማሉ፣ ይሻራሉ፣ ተመልሰው ይሾማሉ፤ በመጨረሻም «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ቅጽል ወጣላቸው። አንድ ሰው በሕይወቱ የዘመን ማብቂያ ተብሎ ሲጠራ ሌላ ምሳሌ አላገኘሁም።

ግን እስቲ ይህን ስም ያወጣው ማን እንደሆነ አስቡ። ጎንደር ናት፤ ቤተ መንግሥቷ ባዶ የቀረባት፣ ሊቃውንቷ የንጉሥ ድርጎ የተቋረጠባቸው ጎንደር። ሥልጣኑ የት ሄደ? ደብረ ታቦር። የየጁ ራሶች፣ እነ ራስ ጉግሣ፣ እነ ራስ አሊ፣ መቀመጫቸውን እዚሁ በእኛ በኩል አደረጉት። ይፋግ ገበያው ይደምቅ ነበር፤ ቆራጣ በጣና ዳር የነጋዴ ከተማ ነበረች። ከጎንደር ግንብ ላይ ሆኖ ላየው የንጉሥ አልባ ዘመን ነው። ደብረ ታቦር ላይ ቆሞ ላየው ግን ከተማዋ የአገር እምብርት የሆነችበት ጊዜ ነው። የደብረ ታቦር ሰው ለዚያ ዘመን ስም አውጣ ቢባል ኖሮ ከመሳፍንት መጽሐፍ ይጀምር ነበር ብዬ አላስብም።

ይህን የምለው ዘመኑን ላቆንጅ አይደለም። ገበሬው የማንንም ጦር ይቀልብ ነበር፤ ዛሬ የአሊ፣ ነገ የውቤ። በ1834 ደብረ ታቦር ላይ ደጃዝማች ውቤ ራስ አሊን አሸነፉ፤ ድል አደረግሁ ብለው ግብር ላይ ተቀምጠው ሳለ ከተሸናፊው ወገን የቀረ ጦር ደርሶ ማረካቸው። የሰውን ሁሉ ማሳ የረገጠ ጦርነት በግብር ላይ ተገለበጠ። ማሳው የማን እንደነበረ ግን ታሪክ ጸሐፊው አልጻፈም። ዘመነ መሳፍንት የሚለው ስም መኳንንቱን በመኳንንት ስም ይወቅሳል እንጂ ገበሬውን አያነሣውም።

ገበሬው ራሱ ስም ያወጣበት ዘመን ሌላ ነው፤ ክፉ ቀን ይባላል።

ከ1880 ጀምሮ ያሉት ዓመታት ናቸው። ጣልያኖች ወደ ምፅዋ ባስገቡት ከብት የደስታ በሽታ ገባና የአገሩን ከብት አብዛኛውን ፈጀው። ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተከተለ። በሬ የሌለው ገበሬ ዝናብ ቢመጣስ በምን ያርሳል? በዚያው ዓመት በጥር ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውሃ ላይ በደርቡሽ ተሸነፉ፤ ጎንደርና አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ። በመጋቢት 1881 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ቤተ መንግሥት ይህን ጊዜ በሁለት ይከፍለዋል፤ እስከ መተማ የዮሐንስ፣ ከመተማ ወዲህ የምኒልክ ነው። ሕዝቡ ግን አልከፈለውም። ንጉሥ ቢሞትም ሌላ ቢነግሥም ቀኑ ያው ነበር፤ አንድ ረዥም፣ ክፉ ቀን። አምስት ዓመት የሚጠጋውን መከራ «ቀን» ማለት ለእኔ ከማንኛውም የታሪክ መጽሐፍ አርእስት ይበልጥብኛል፤ «ቀን ጣለው»፣ «ቀን ወጣለት» በሚል ሕዝብ አፍ ቀን የሃያ አራት ሰዓት ጉዳይ አይደለም።

በደረሰባቸው ነገር ዓመትን የሚጠሩ ሌሎችም አሉ። ሶማሌዎች እያንዳንዱን ድርቅ በስሙ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. የ1974ና 75ቱን «ደባዴር» ይሉታል፤ «ጭራ ረዥሙ» ማለት ነው፤ አልቆ የማያልቅ ስለነበር። ዓረቦችም ከሒጅራ በፊት ዓመት በቁጥር ሳይሆን በክስተት ይጠሩ ነበር። በእስልምና ትውፊት ነቢዩ ሙሐመድ የተወለዱት «በዝሆኑ ዓመት» ነው። ዝሆኑ ከማን ጋር መጣ? የመንን ይገዛ ከነበረው ከአብርሃ ጋር፤ አብርሃ ደግሞ ከአክሱም የሄደ ሐበሻ ነው። የእኛ ሰው ወደ መካ ዘመተና ለዓረቦች የዓመት ስም ጥሎላቸው ተመለሰ።

ጣልያን በመጣ ጊዜ መንግሥት ባወጣውና ሕዝብ ባወጣው ስም መካከል ያለው ግጭት በግልጽ ታየ። ፋሺስቶች የራሳቸው ዘመን ነበራቸው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በሮማ ቁጥር ይጽፉ ነበር። አዲስ አበባ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ሲገቡ በእነሱ አሥራ አራተኛው ዓመት ነው። ደብረ ታቦር የነበረው ጦራቸው በ1933 ክረምት መግቢያ ላይ እጁን ሰጠ። የጎንደሩ ግን ጀኔራል ናሲ በኅዳር 18 ቀን 1934 እስኪማረክ ድረስ ቆየ፤ ሃያኛው ዓመታቸው ከገባ አንድ ወር ሆኖት ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ «አምስቱ ዓመት» የምንለው ለአዲስ አበባ ልክ ነው፤ ለጎንደር ከዚያ ይረዝማል። ሁለተኛ፣ ዘላለማዊ ነው የተባለው የሮማ ቁጥር ሃያ አንድን ሲቆጥር እዚህ ያየው የለም። በሰው አፍ የቀረው «ጣልያን ጊዜ» ብቻ ነው።

የትምህርት ቤት ክፍፍላችንን በአጭሩ ልለፍ፤ ጥንታዊ፣ መካከለኛ፣ ዘመናዊ የሚለውን። ይህ አከፋፈል ለአውሮፓ የተበጀ ነው፤ ከሮም ውድቀት እስከ ሮም ትዝታ መታደስ ያለውን «መካከል» ብለውታል። እኛ «የመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ» ስንል፣ ላሊበላንና ዓምደ ጽዮንን እየጠራን፣ በምንና በምን መካከል እንደሆነ ማንም አይነግረንም። «ዘመናዊ» ላይ ግን አልከራከርም። ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያን ታሪክ የሚጀምሩት ከ1847 ከቴዎድሮስ ንግሥ ነው፤ ያ ማለት መድፉ ሴባስቶፖል ከቀለጠበት ከጋፋት ነው፤ ጋፋት ደግሞ ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። ዘመናዊው ከሩቅ አገር አልጀመረም።

በመጨረሻ፣ ዘመንን በዚህ አካባቢ ሰው አፍ እንመልከተው። አንድ አዛውንት ዕድሜያቸው ሲጠየቅ «ጣልያን ሲወጣ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ቢሉ ጸሐፊው መልስ አልሰጡኝም ማለት የለበትም። በደንብ ሰጥተውታል። ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ አምስት ወይም ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጣልያን ከዚህ የወጣው በ1933 ነው፤ ስለዚህ በ1927 ወይም 28 ተወልደዋል። «ከብት እጠብቅ ነበር» ካሉ ሦስት አራት ዓመት ወደ ኋላ ይሂድ። «እርፍ ጨብጬ ነበር» ካሉ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመታቸው ነበር። የአገር ክስተትና የሰው ዕድሜ ደረጃ ሲገጥሙ ከብዙ መዝገብ የበለጠ ይታመናሉ።

ለጎልማሶቹ መለኪያው ሽግሽግ ነው። በ1989 መሬት እንደገና ሲለካ፣ «ቢሮክራሲ» (የደርግ ጊዜ ሹማምንት) ተብለው የተፈረጁት ከአራት ጥማድ እንዳያልፉ ተደረገ፤ ትርፉ ለሌላ ተሰጠ። «በሽግሽጉ ዓመት ነው የወለድኩት» የምትል እናት ዓመቱን በትክክል ነግራናለች። መሬት ያገኘና መሬት የተወሰደበት ጎረቤታሞች ስለዚያ ዓመት አንድ ዓይነት ወሬ አያወሩም፤ ስሙን ግን አንድ አድርገው ይጠሩታል።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሩዝ ገባ። ጉማራና ርብ ክረምት ሲሞሉ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ የፎገራ ከብት መዋያ ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ በቀረው ርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበት ነበር። በ1970ዎቹ፣ ሰዉ «ማኅበር ጊዜ» በሚለው፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ሩዝ ተሞከረ። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ቀረ። ውሃ የተኛበት ሜዳ ዋና ማሳ ሆነ፤ የግጦሹ ቦታ ጠበበ፤ የእንጀራው ዱቄት ተለወጠ፤ ወረታ ላይ የመፈልፈያ ወፍጮ በዛ፤ አሁን የብሔራዊ ሩዝ ምርምር ማዕከልም እዚያው ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አንድ ሜዳ ከከብት ወደ ሩዝ ሲያልፍ፣ ለዚያ ሜዳ ሰው ይህ ከመንግሥት መለወጥ ያነሰ የዘመን ድንበር አይደለም። የታሪክ መጽሐፋችን ግን ምዕራፉን እዚያ ላይ አይከፍልም። በብዙ ማሳ ላይ የተዘራው ዝርያ ኤክስ-ጅግና ይባላል፤ ጅግና ደግሞ እዚሁ ደራ ያለ ቀበሌ ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከጅግና የመጣችሁ ካላችሁ ከእናንተ እጀምራለሁ፤ ሩዙ በየትኛው ክረምት እንደተዘራ በአፋችሁ ልስማ።